የሰውን ልብ ማሰር፦ ከጥንቷ ግብፅ እስከ ጂማ ገበያ



ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት፣ ቡና በሚለቀምበት ጊዜ፣ በጂማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰርቦ፣ በየቡ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚሮጥ የታወቀ ነው። ገበሬው ዕዳውን ይከፍላል፤ ለቤቱ ቆርቆሮ ይገዛል፤ ልጁን ይድራል። ገንዘብ ባለበት ደግሞ ሻጭ አይጠፋም። ከነዚህ ሻጮች መካከል ሚዛንም ሱቅም የሌለው አንድ አለ። የሚሸጠው በቆዳ የተሰፋ ሂርዝ፣ መስተፋቅር፣ የተቋጠረ ክር፣ በጠርሙስ የተሞላ ውሃ ነው። ደንበኞቹ ብዙ ናቸው፤ ባሏ ሌላ ሊያገባ ነው የሚል ወሬ የሰማች እናት፣ በማሳ ወሰን ተካስሶ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ገበሬ፣ ልጁ ሌሊት እየቃዠ የሚያስቸግረው አባት፣ «ያቺን ልጅ ካላገባሁ» ብሎ እንቅልፍ ያጣ ጎረምሳ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እዚያው በር ላይ ይገናኛሉ። እንዲያውም ሙስሊሙ ደብተራ ፍለጋ፣ ክርስቲያኑ ደግሞ ሸኽ ነኝ ባይ ፍለጋ ሲወጣ ይታያል፤ ከሩቅ የመጣ መድኃኒት ይበረታል ይባላልና።

ይህ ነገር በተነሳ ቁጥር የምንሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ለመሆኑ ይሠራል?» የሚል። ደረሳው ይጠይቃል፣ የቤት እመቤቷ ትጠይቃለች፣ መስጊድ በር ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ ይጠይቃል። እኔ ግን ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ እላለሁ። ይሥራም አይሥራም፣ ያ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ በሌላው ሰው ላይ እንዲደረግ የፈለገው ነገር ምንድን ነው? ይህን ለማየት ከሰፈራችን ጥቂት ራቅ ብለን የጥንት ሰዎችን ብንመለከት ይጠቅመናል፤ በጎረቤታችን ላይ አይተን የለመድነው ነገር በባዕድ ላይ ሲሆን ቁልጭ ብሎ ይታያልና።

በፓሪስ ከተማ ሉቭር በሚባለው ሙዚየም ውስጥ ከግብፅ የመጣች አንዲት ትንሽ የሸክላ ምስል ትገኛለች። ግብፅ በሮማውያን እጅ፣ የጽሕፈት ቋንቋዋም ግሪክኛ በነበረበት ዘመን የተሠራች ስለሆነች ከ1600 ዓመት በላይ ሆኗታል። ምስሏ የተንበረከከች ሴት ናት፤ እጆቿ ወደ ኋላ ታስረዋል። በሰውነቷ ላይ 13 መርፌዎች ተሰክተዋል፤ በአናቷ፣ በዓይኖቿ፣ በጆሮዎቿ፣ በአፏ፣ በደረቷ፣ በእጆቿና በእግሮቿ መዳፍ፣ ቤተሰብ በሚያነበው ገጽ ላይ ልጽፈው በማይገባኝ ቦታም ጭምር። የተገኘችው በሸክላ ማሰሮ ውስጥ ሲሆን አብሯት የተጠቀለለ የእርሳስ ዝርግ ነበረ። በእርሳሱ ላይ ሳራፓሞን የሚባል ሰው ፕቶሌማይስ የምትባል ሴት እንድትታሰርለት ይጠይቃል። የሚጠይቀውም የሙታንን መናፍስትና የከርሰ ምድር አማልክት የሚላቸውን ነው። ምግብና መጠጥ እንዲነሷት፣ እንቅልፍ እንዲነሷት፣ ከሌላ ወንድ ሁሉ እንዲያርቋት፣ ፀጉሯን ይዘው እየጎተቱ ወደ እርሱ እንዲያመጧት፣ ዕድሜውን ሙሉ ለእርሱ ተገዥ እንዲያደርጉለት ያዛቸዋል።

እንግዲህ ይህ ሰው «እወዳታለሁ» የሚል ሰው ነው!

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው ሳራፓሞን ይህን ከራሱ ልብ አለማፍለቁ ነው። በዚያው በፓሪስ፣ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ 36 ቅጠል ያለው የግሪክኛ የድግምት መጽሐፍ አለ። በ19ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የስዊድንና የኖርዌይ ቆንስል የነበረው አናስታሲ በግብፅ ከሰበሰባቸው ጽሑፎች አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ወደ ለንደን፣ ወደ ላይደንና ወደ በርሊን ሄደዋል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያቺን የታሰረች ሴት እንዴት እንደሚሠሯት፣ 13ቱ መርፌዎች የት የት እንደሚሰኩ፣ እያንዳንዱ ሲሰካ ምን እንደሚባል ደረጃ በደረጃ ተጽፏል። የሴቲቱ ስም የሚገባበት ቦታ ግን «እገሊት» ተብሎ ክፍት ተትቷል። ስም ሞልቶ መሸጥ ብቻ ነው። ለአዋቂው ፕቶሌማይስ ማንም አይደለችም፤ ክፍት ቦታ መሙያ ናት።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። በእርሳሱ ላይ ሁለቱም የተጠሩት በእናታቸው ስም ነው፤ ሳራፓሞን «አሬያ የወለደችው» ተብሏል። በአገራችንም ወደ ድግምተኛ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ስሙንና የእናቱን ስም ነው። በዐረብኛ በተጻፉት የጠልሰም መጻሕፍትም «ፉላን ኢብኑ ፉላና» ይላል፤ እገሌ የእገሊት ልጅ ማለት ነው። ሰዎች በሕይወታቸው በአባታቸው ስም ሲጠሩ ኖረው ወደዚህ ቤት ሲገቡ ብቻ በእናታቸው ይጠራሉ። ሸኽ ነኝ ባዩ ከቁርኣን አገኘሁት ይላል፣ ደብተራው ከአባቶች ወረስኩት ይላል፤ ልማዱ ግን ከሁለቱም በፊት በናይል ወንዝ ዳር በማሰሮ ተቀብሮ ይገኛል።

ግሪኮቹ ራሳቸው በአገራቸው ይህን ሲያደርጉ ከዚያ በፊት ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። በቀጭን የእርሳስ ዝርግ ላይ የጠላትን ስም ይጽፋሉ፣ ያጥፉታል፣ በሚስማር ይወጉታል፣ ከዚያም መቃብር ውስጥ ወይም ጉድጓድ ውሃ ውስጥ ይጥሉታል። ከ1600 በላይ የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ዝርጎች እስከ ዛሬ ተገኝተዋል። የግሪክኛ ስማቸውም «ማሰሪያ» እንደ ማለት ነው። ብዙዎቹ የፍርድ ቤት ተከራካሪን የሚመለከቱ ናቸው፤ ባለጋራው በዳኛ ፊት ሲቆም ምላሱ እንዲታሰር፣ ምስክሮቹም ንግግር እንዲጠፋባቸው የሚለምኑ። የማሳ ወሰን ክርክር ያለበት የአጋሮ ገበሬ ይህን ቢሰማ አዲስ ነገር አይሆንበትም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው እውነቱ ከእርሱ ጋር ከሆነ የባለጋራውን ምላስ ማሰር ለምን ያስፈልገዋል? ባለጋራው ተናግሮ እውነቱ እንዳይወጣ የፈራ ሰው እኮ በራሱ ላይ መስክሯል።

ፈላስፋው ፕላቶ፣ ዐረቦች አፍላጡን የሚሉት፣ ይህን የገበያ ሥራ በዓይኑ አይቶታል። በሀብታሞች በር እየዞሩ በጥቂት ዋጋ ጠላትህን እንጎዳልሃለን የሚሉ ሰዎች እንደነበሩ ጽፏል። በስተርጅናው በጻፈው የሕግ መጽሐፍ ደግሞ በደጃፍ፣ በመንገድ መገናኛና በወላጆች መቃብር ላይ የሰም ምስል ተቀምጦ ስላገኙ ሰዎች ያነሳል። የነዚህን ነገሮች እውነት ማወቅ ቀላል አይደለም፣ ሰውንም አትፍራ ብሎ ማሳመን ይከብዳል ካለ በኋላ ቅጣቱን ያስቀምጣል፤ ሙያዬ ነው ብሎ የሚሠራውን በሞት፣ ተራውን ሰው ፍርድ ቤቱ በሚወስነው። እንግዲህ ይህ አረመኔ የነበረ ሰው እንኳ «ይሠራል ወይ» የሚለውን ጥያቄ ሳይፈታ «ጥፋት ነው» የሚለውን ፈትቶታል።

ከእርሱ በኋላ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ፖርፊሪዮስ የሚባል ፈላስፋ አኔቦ ለተባለ ግብፃዊ ካህን በጻፈው ደብዳቤ የጠየቀው ጥያቄ ግን ከሁሉም የጠለቀ ነው። የግብፅ ድግምተኞች አማልክታቸውን ሲጠሩ ይዝቱባቸው ነበር፤ ካልታዘዛችሁኝ ሰማይን አፈርሳለሁ፣ ምስጢራችሁን አወጣለሁ እያሉ። ፖርፊሪዮስ እንዲህ ብሎ ይደነቃል፦ ሰው የሚዝትበትና የሚፈራ አምላክ ምን ዓይነት አምላክ ነው? የሚጠራቸው ሰው ጻድቅና ንጹሕ ይሁን እያሉ፣ ሲታዘዙ ግን ግፍን የሚፈጽሙት፣ ሰውን ወደ ዝሙት የሚጎትቱት እንዴት ነው? ያምብሊኮስ የተባለ ሌላ ፈላስፋ ለዚህ ደብዳቤ በአንድ ሙሉ መጽሐፍ መልስ ሰጥቶበታል። ጥያቄው ግን ቀላልና የማንም ሰው ጥያቄ ነው። ለክፉ ሥራ የሚታዘዝ ኃይል ካለ፣ ያ ኃይል በክፋቱ ይታወቃል እንጂ በጉልበቱ አይከበርም።

አሁን ወደራሳችን እንመለስ። በነዚያ የግሪክኛ መጻሕፍት ውስጥ የሱለይማን (ዐ.ሰ.) ማኅተም ይጠራል። በአገራችን ለባለቤቱ ቁመት ልክ ተቆርጦ በብራና በሚጻፈው ክታብም «መርበብተ ሰሎሞን» የሚባል አለ። አል-ቡኒ በ622 ዓመተ ሂጅራ ከሞተ በኋላ በስሙ በተሠራጨው «ሸምሱል መዓሪፍ» በሚባለውና እጅ ለእጅ በሚዞረው መጽሐፍም የማኅተም ምልክቶችና በቁጥር የተሞሉ አራት ማዕዘኖች ሞልተዋል። ሁሉም ወደ ሱለይማን ይጠጋል። ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ ይህን ጉዳይ ሲያነሳ አስቀድሞ ያደረገው ነቢዩን ከዚህ ስም ማጥራት ነው፤ ሲህርን ለሰው ያስተማሩት ሸይጧናት እንጂ ሱለይማን እንዳልካደ ይገልጻል። ከዚያም የባቢልን የሃሩትንና የማሩትን ነገር አንስቶ ሰዎቹ የተማሩትን ሲጠቅስ የጠቀሰው አንድ ሥራ ነው፤ ባልና ሚስትን መለያየት። ከድንቅ ድንቁ ሁሉ፣ በአየር መብረርም አለ፣ ሀብት መሳብም አለ፣ ይህ ለምን ተመረጠ? የሰው ልጅ በፈቃዱ የገባበትን ቃል ኪዳን ያለፈቃዱ ማፍረስ ስለሆነ ነው ብዬ እረዳለሁ። በአላህ ፈቃድ ካልሆነ ማንንም እንደማይጎዱም እዚያው ተነግሯል።

ዑለማዎቻችን በሲህር ምንነት ተከራክረዋል። አብዛኞቹ የአህሉ ሱና ሊቃውንት እውነተኛ ተጽዕኖ አለው ይላሉ። በ370 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት የሐነፊው ሊቅ አቡ በክር አል-ጀሷስ ደግሞ ማታለልና የዓይን ማጭበርበር ነው ይላሉ። ክርክሩ ረጅም ነው፣ እዚህ አንገባበትም። የምፈልገው አንዲት ነጥብ ናት፤ ይሠራል ያሉትም አይሠራም ያሉትም ሐራም ነው በሚለው ላይ አልተለያዩም። እንዲህ ከሆነ «ባይሠራስ ምን ጉዳት አለው?» ብላ አምስት መቶ ብር ይዛ የምትወጣ እህታችን የምታመልጥበት በር የለም። ወረቀቱ ኃይል ባይኖረው የእርሷ ሐሳብ ግን ተፈጽሟል። ባሏ የራሱ ፈቃድ የሌለው እንዲሆን ተመኝታለች፤ ለዚያም ከፍላለች።

«ታዲያ ለዱዓ ምን ልዩነት አለው? እኔም በዱዓ ያቺን ልጅ ስጠኝ እላለሁ» የሚል ወጣት አይጠፋም። ልዩነቱ ሰፊ ነው፣ ወንድሜ። ኢስቲኻራን አስብ። በቡኻሪ በተዘገበው ሐዲሥ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለሶሓቦች ያስተማሩት ይህ ሶላት ሰውየው የሚፈልገውን ነገር በስሙ ጠርቶ፣ መልካም ከሆነ እንዲገራለት፣ መጥፎ ከሆነ ግን ከእርሱ እንዲርቅ የሚለምንበት ነው። እምቢታ በልመናው ውስጥ አስቀድሞ ቦታ ተሰጥቶታል። ሳራፓሞን በእርሳሱ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ አልተወም። ደግሞስ፣ ሸሪዓ ለአባት እንኳ ያልፈቀደውን ለድግምተኛ ይፈቅዳልን? ኸንሳእ ቢንት ኺዛም (ረ.ዐ.) አባቷ ያለፈቃዷ ሲድራት ወደ አላህ መልክተኛ መጥታ አመለከተች፤ ጋብቻውንም አፈረሱላት። አባት የማይገባበትን የሴት ልጅ ፈቃድ ክር ቋጥሮ መግባት ምን ዓይነት ድፍረት ነው?

ዱዓን ከድግምት ለመለየት ለልጆቻችን የምናስተምራት ቀላል መለኪያ ደግሞ አለች። ዱዓህን ያ ሰው እየሰማህ ልታደርገው ትችላለህ? «አላህ ሆይ፣ በእኔና በጎረቤቴ መካከል እውነቱን አውጣ» የሚለውን ጎረቤት ቢሰማው ምናልባት «አሚን» ይላል። እርሳሱ ግን ተጠቅልሎ መቃብር ውስጥ ይገባል፤ ክሩም በሌሊት ከደፍ ሥር ይቀበራል።

እስካሁን የተናገርነው ስለሚያሠራው ሰው ነው። በእኛ አካባቢ የበለጠ ቤት ያፈረሰው ግን ተሠራብኝ ባዩ ይመስለኛል። ቡናው ሲጠቁር፣ ላሟ ስትነጥፍ፣ ልጅ ሲታመም ሰው መጀመሪያ የሚያየው የጎረቤቱን አጥር ነው። በ1971 (እ.ኤ.አ.) የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ አረንጓዴው ፍሬ ጥቁር ቁስል እያወጣ ይረግፍ ነበር። ይህ ሻጋታ ነው፤ ብርድና ዝናብ ባለበት ይብሳል፣ ከዛፍ ወደ ዛፍም ይሻገራል። ከጂማ ከተማ አጠገብ በሜልኮ ያለው የምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጦ ለገበሬው አውጥቷል። 741፣ 74110፣ 74112፣ 74165 እያላችሁ የምትጠሯቸው ችግኞች እነዚህ ናቸው፤ 74 የሚለው የተመረጡበትን ዓመት፣ 1974ን (እ.ኤ.አ.)፣ ያሳያል። አሁን አስቡት፤ አንዱ ገበሬ ከማዕከሉ የወጣውን ችግኝ ተክሏል፣ አጥር የሚጋራው ጎረቤቱ አሮጌውን ይዟል። የአንዱ ፍሬ ቀልቶ የሌላው ጠቁሮ ሲረግፍ፣ ችግኙን ያላወቀ ሰው «የእኔን በረከት ወደ ማሳው ሳበው» ይላል። ፋል የሚያየው ሰው ዘንድ ቢሄድማ «ጠላትህ ከበርህ በስተምሥራቅ ነው» ይለዋል። በስተምሥራቅ የሌለው ጎረቤት ያለው ማን ነው? ከዚያ በኋላ ሰላምታ ይቀራል፣ ልጆች እንዳይጫወቱ ይከለከላሉ፣ ሰው ቢሞት ለቀብር አይወጣም።

የአላህ መልክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ሲህር ተሠርቶባቸዋል። ቡኻሪና ሙስሊም ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት ለቢድ ኢብኑል አዕሰም የተባለ ሰው በማበጠሪያና በማበጠሪያው ላይ በቀረ ፀጉር ሠርቶ ዘርዋን በተባለ ጉድጓድ ውሃ ውስጥ ጣለው። (ፀጉርና ጉድጓድ፤ ግሪኮቹም እንዲሁ ነበሩ።) አላህ ነገሩን ገለጸላቸው፤ ሠሪው ማን እንደሆነም አወቁ። እኛ የምንገምተውን እርሳቸው በወሕይ አረጋግጠዋል፤ ሥልጣኑም በእጃቸው ነበረ። ዓኢሻ ነገሩን ለሰው ለምን እንዳላወጡት ሲጠይቁ የሰጡት መልስ አላህ እንዳዳናቸውና በሰዎች መካከል ክፋት መቀስቀስን እንደጠሉ ነው። ጉድጓዱንም አስደፈኑት። ነሳኢ በዘገቡት ደግሞ ያ ሰው ይህን ጉዳይ ከፊታቸው ላይ እንኳ አንብቦ አያውቅም። እርግጠኛው እንዲህ ካደረጉ፣ በጥርጣሬ ብቻ የጎረቤቱን ስም በየቡና ሥርዓቱ የሚያነሳ ሰው ምን ሊመልስ ነው?

የቀረን ለልጅ የሚንጠለጠለው ሂርዝና የሚጠጣው ውሃ ነው። ይህን ከመስተፋቅር ጋር አንድ አላደርገውም፤ እናት በፍቅር ያደረገችው ነው። ከቁርኣን ብቻ የተጻፈን ነገር ለልጅ ማንጠልጠልን ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ.) እንደፈቀዱ ሲዘገብ፣ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) ደግሞ ጠልተውታል። ጽፎ አጥቦ መጠጣቱንም ኢብኑ ተይሚያህን የመሳሰሉ ሊቃውንት ፈቅደዋል። ጥንቃቄው ከቁርኣን ውጭ ያለው ሲገባበት ነው። ጥንት ግብፃውያንም በድግምት ጽሑፍ በተሞላ ድንጋይ ላይ ውሃ አፍስሰው እባብና ጊንጥ ለነደፈው ሰው ያጠጡ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ከእነዚህ ድንጋዮች አንዱን ከአክሱም የተገኘ ብሎ ሥዕሉን አትሟል፤ ልማዱ ሳይሆን ዕቃው ራሱ ወደ አገራችን ደርሶ ነበር ማለት ነው። ውሃው አንድ ነው፤ የተጻፈው ነገር ነው የሚለየው። ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ ለሩቅያ ዑለማ የተስማሙባቸውን ሦስት መስፈርቶች ጠቅሰዋል፤ በአላህ ንግግር ወይም በስሞቹ እንዲሆን፣ በዐረብኛ ወይም ትርጉሙ በሚታወቅ ቋንቋ እንዲሆን፣ በራሱ ሳይሆን በአላህ ፈቃድ እንደሚጠቅም እንዲታመንበት። በመድረሳ ወላጆች ከሚያመጧቸው ሂርዞች ፈትቼ ያየኋቸው ብዙዎቹ በሁለተኛው ላይ ይወድቃሉ። መጀመሪያ ቢስሚላህ አለ፣ ከዚያ ግማሽ አያ፣ ከዚያ ቁጥር የተሞላበት ሠንጠረዥ፣ ከዚያ በየትኛውም የዐረብኛ መዝገበ ቃላት የማይገኙ ስሞች። የማን ስሞች እንደሆኑ ጸሐፊው ራሱ ቢጠየቅ አይመልስም። ልጅዎ አንገት ላይ ማን እየተጠራ እንደሆነ ሳያውቁ እንዴት ያድራሉ?

በቤታችሁ እንዲህ ያለ ካለ ፍቱት፤ ማንበብ ለሚችል ሰው አሳዩት። የአላህ ስም ያለበትን በክብር አቃጥላችሁ አመዱን ንጹሕ ቦታ ቅበሩት። ከደፍ ሥር የተቋጠረ ክር ብታገኙም ፈለቅንና ናስን ቅሩ፣ ቋጠሮውን ፍቱ፣ አቃጥሉት። ማን እንዳስቀመጠው ግን በልጆች ፊት አትገምቱ፤ ነገ ጠዋት ከዚያ ቤት ልጆች ጋር በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ይቀራሉ።